የጡት ካንሰር መዝገባችን የልጅነት መንደርንም ይጠይቅ

ለጤና ሚኒስቴር
ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፡- የጡት ካንሰር ሕሙማን ምዝገባ ታካሚዋ ያደገችበትን አካባቢና የሠራችውን ሥራ እንዲይዝ፣ በከተማዋ ዳርቻም የካንሰር አምጪ ኬሚካሎች ልኬታ በሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ትብብር እንዲካሄድ ስለመጠየቅ

ክቡራትና ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ይህን ደብዳቤ ለሁለታችሁም በአንድነት የጻፍኩት አስቤበት ነው። ሆርሞንን የሚመለከት ጥያቄ ወደ ጤና ሚኒስቴር፣ ጭስን፣ ወንዝንና ፀረ ተባይን የሚመለከት ጥያቄ ደግሞ ወደ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን እንደሚመራ አውቃለሁ፤ የመንግሥት ሥራ በዘርፍ ተከፋፍሎ መሠራቱም ተገቢ ነው። የጡት ካንሰር ግን ከሁለቱ በአንደኛው ዘርፍ ብቻ ተይዞ ሊመረመር የሚችል በሽታ አይደለም። ሆርሞንና ካንሰር አምጪ ኬሚካል በአንዲት ሴት ጡት ውስጥ ተገናኝተው የሚያደርሱት ጉዳት ሁለቱ ለየብቻቸው ከሚያደርሱት እንደሚለይ ሳይንስ ካሳየ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

በሽታው በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚከሰቱ ካንሰሮች ሁሉ ቀዳሚው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ እንደሚያሳየው በከተማዋ ሴቶች ላይ ከሚመዘገበው ካንሰር አንድ ሦስተኛ ያህሉ የጡት ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች ተይዘው 670 ሺህ ያህሉ ሞተዋል። የእኛ ታካሚዎች ብዙውን ጊዜ ከ50 ዓመት በታች ናቸው፤ ለዚህ አንዱ ምክንያት ሕዝባችን በጠቅላላው ወጣት መሆኑ ነው፤ ያም ሆኖ የ40 ዓመት እናት ዘግይታ ሐኪም ቤት ስትደርስ የሚፈርሰው ቤት ስንት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

በቅድሚያ ስለ ሆርሞን የሚታወቀውን ላስታውስ። ጣሊያናዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ በ18ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ላይ በገዳም የሚኖሩ ሴቶች ከሌሎቹ ይልቅ በጡት ካንሰር እንደሚጠቁ አስተውሎ ጽፏል። ምክንያቱን አላወቀም፤ ዛሬ ግን መውለድና ማጥባት ጡትን እንደሚጠብቁ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1896 ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ጆርጅ ቢትሰን በሽታው የተስፋፋባትን አንዲት ሴት ኦቫሪዎች (የእንቁላል ማፍሪያዎች) በቀዶ ጥገና ካወጣ በኋላ የጡቷ ዕጢ መሟሸሹን ለሙያ ባልደረቦቹ አሳውቋል፤ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ገና አልተገኘም ነበር። በ30 አገሮች የተደረጉ 47 ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ትንታኔ ደግሞ አንዲት ሴት በወለደች ቁጥር በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ በ7 በመቶ፣ ባጠባችበት በእያንዳንዱ 12 ወር በተጨማሪ በ4.3 በመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ባረጡ ሴቶች ላይ ይካሄድ የነበረ ትልቅ ሙከራ፣ ኤስትሮጅንን ፕሮጄስቲን ከተባለ ሌላ ሆርሞን ጋር አጣምረው የሚወስዱት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ26 በመቶ ከፍ ብሎ ስለተገኘ ከታቀደለት ጊዜ በፊት ተቋርጧል፤ ሐኪሞች መድኃኒቱን ማዘዝ ሲቀንሱም በአገሪቱ የሚመዘገበው አዲስ የጡት ካንሰር ቁጥር ወዲያው ዝቅ ብሏል። ወደ እኛው ስንመለስ፣ በጥቁር አንበሳ በታከሙ ሴቶች ላይ የተደረገ ምርመራ ከግማሽ የሚበልጡት ዕጢዎች የኤስትሮጅን ተቀባይ፣ ማለትም ሆርሞኑ ተጣብቆ ሴሉን የሚያዝበት ክፍል፣ እንዳላቸው አሳይቷል። የአፍሪካ ሴቶች ዕጢ ከሆርሞን ጋር ግንኙነት የለውም ይባል የነበረው በእኛ ታካሚዎች ዘንድ እውነት ሆኖ አልተገኘም ማለት ነው።

ይሁንና ይህ ሁሉ የነገሩ አንድ ወገን ነው። ሴት ሁሉ ኤስትሮጅን አላት፤ ሴት ሁሉ ግን አትታመምም። ልዩነቱን በሙሉ በዘር ላይ መጣልም አያስኬድም፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በስዊድን፣ በዴንማርክና በፊንላንድ መንትዮች ላይ ተደርጎ የወጣው ሰፊ ጥናት በጡት ካንሰር የመያዝ ልዩነትን የዘር ውርስ የሚያስረዳው እስከ 27 በመቶ ድረስ ብቻ መሆኑን ገምቷል። የቀረው ከአኗኗርና ከአካባቢ የሚመጣ ነው።

ሁለቱ እንዴት እንደሚገናኙ ከሁሉ አስቀድሞ በግልጽ ያሳየው በቺካጎ ይሠራ የነበረው ቻርልስ ሀጊንስ ነው፤ በሆርሞን የፕሮስቴት ካንሰርን ለማከም ላደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1966 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው። ሀጊንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጡት ሥራ፣ በጭስ ውስጥ ከሚገኙት ኬሚካሎች ወገን የሆነ ዲኤምቢኤ የተባለ ንጥረ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ የተመገቡ ወጣት ሴት አይጦች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የጡት ዕጢ ማውጣታቸውን አሳዩ። ኦቫሪያቸው አስቀድሞ የወጣባቸው አይጦች ግን ያንኑ ኬሚካል ተመግበው ዕጢ አያወጡም ለማለት ይቻላል። ኬሚካሉ በሆርሞን ካልታገዘ ሥራውን መጨረስ አልቻለም። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ ሌላ ነገር ጨመሩበት፤ አይጧ ይበልጥ የምትጎዳው ጡቷ በፍጥነት በሚያድግበት፣ በተወለደች በ50 ቀን አካባቢ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ አርግዛ የወለደችዋ ግን ኬሚካሉን በእጅጉ ትቋቋማለች።

ለተማሪዎቼ ይህን ሳስረዳ የብራና ጸሐፊን እጠቅሳለሁ። ካንሰር አምጪው ኬሚካል ከመጽሐፉ አንዲት ፊደል ያበላሻል፤ ሆርሞኑ ደግሞ መጽሐፉ ቶሎ ቶሎ እንዲገለበጥ ያዛል። ስህተቱ ሳይታረም የሚባዛው መገልበጡ ሲፋጠን ነው። እውነተኛው ነገር ግን ከዚህም የተወሳሰበ ነው፤ ኤስትሮጅን ራሱ ፊደል ወደሚያበላሽ ነገር ሊለወጥ ይችላልና። ከማገዶ፣ ከናፍጣና ከሲጋራ ጭስ የሚገኘው ቤንዞፓይሪን ወደ ሴል ሲገባ አንድ ተቀባይ ያነቃል፤ ያም ተቀባይ ሲ.ዋይ.ፒ. 1ቢ1 የተባለውን ኢንዛይም ጨምሮ የተወሰኑ ኢንዛይሞች በብዛት እንዲመረቱ ያደርጋል። የኢንዛይሞቹ ተፈጥሯዊ ሥራ ባዕድ ነገርን ለማስወገድ ማዘጋጀት ቢሆንም፣ በመንገዳቸው ላይ ቤንዞፓይሪንን፣ በምሳሌዬ መጽሐፉ ከሆነው ከዲኤንኤ ጋር ወደሚጣበቅ ቅርጽ ይለውጡታል። ሲ.ዋይ.ፒ. 1ቢ1 ደግሞ ያንኑ ሥራውን በኤስትሮጅን ላይም ይሠራል፤ ከዚህ የሚገኘው ውጤት ከቀጠለ ኪኖን ወደተባለ ዲኤንኤን የሚጎዳ ነገር ሊለወጥ ይችላል። ጭሱ እንግዲህ ራሱ ከሚያደርሰው ጉዳት በተጨማሪ የሴቲቱን የራሷን ሆርሞን ወደ ጎጂነት ሊገፋ ይችላል ማለት ነው። የጡት ሴል ይህ ኢንዛይም ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

በዚህ ላይ የሆርሞንን ሥራ የሚኮርጁ ኬሚካሎች አሉ። በአሜሪካ ቦስተን አና ሶቶና ካርሎስ ሶነንሻይን የተባሉ ተመራማሪዎች ኤስትሮጅን እስካላገኙ ድረስ ሊባዙ የማይገባቸው የጡት ካንሰር ሴሎች ያለ ሆርሞን ሲባዙባቸው ግራ ተጋብተው ነበር፤ በመጨረሻ ምክንያቱ ሴሎቹ የተያዙበት የፕላስቲክ ቱቦ የሚለቀው ኖኒልፌኖል የተባለ ኬሚካል መሆኑን ደርሰውበት እ.ኤ.አ. በ1991 አሳተሙ። እኛ ትኩስ ሻይና ወጥ በስስ ፌስታል ስንቋጥር ይህ ጉዳይ ትዝ አይለንም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ዋና ነጥብ እመጣለሁ፤ እርሱም ዕድሜ ነው። በሂሮሺማና በናጋሳኪ ከአቶሚክ ቦምብ የተረፉ ሴቶች ለአሥርት ዓመታት ክትትል ሲደረግባቸው፣ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ይበልጥ ከፍ ያለው በጨረሩ ጊዜ ልጆችና ጎረምሶች የነበሩት እንጂ ከ40 ዓመት በላይ የነበሩት አልነበሩም። ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይም ነገር ተመሳሳይ ነው። የአዋቂ ሴቶችን ደም መርምረው ከጡት ካንሰር ጋር ግንኙነት የለውም ያሉ ብዙ ጥናቶች ነበሩ። ባርባራ ኮንና ባልደረቦቿ ግን እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1967 በካሊፎርኒያ ኦክላንድ ከወላድ እናቶች ተወስዶ የተቀመጠ ደም መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ውጤት እንዲህ የሚል ነው፤ ዲዲቲ በስፋት ሥራ ላይ ሲውል ዕድሜያቸው ከ14 ዓመት በታች ከነበሩት ሴቶች መካከል ከፍተኛ መጠን የተገኘባቸው ከ50 ዓመት በፊት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው አምስት እጥፍ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከዚህ ዕድሜ ያለፉት ላይ ግን ግንኙነቱ አልታየም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ዲዲቲን በሰው ላይ ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚላቸው ነገሮች ምድብ አስገብቶታል።

ይህ ግኝት ከካሊፎርኒያ ይልቅ ለአቃቂ፣ ለኮዬ ፈጬ፣ ለቱሉ ዲምቱና ለለገጣፎ የሚነግረው ነገር አለ። በከተማዋ ዳርቻ የምንኖር ሰዎች አብዛኞቻችን እዚህ አልተወለድንም። ጎረቤቴ ከወሎ ቆላ የመጣች ናት፤ ከእርሷ ቀጥሎ ያለው ቤት ከወላይታ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ከአርሲ። በወባማ አካባቢዎች ለአሥርት ዓመታት የቤት ግድግዳ በዲዲቲ ሲረጭ ኖሯል፤ የተረጨውም ሕይወት ለማዳን ነበርና በዚያ ዘመን የነበሩትን ባለሙያዎች ለመውቀስ አልነሳም። ነገር ግን በ12 ዓመቷ በተረጨ ቤት ውስጥ ያደገች ልጅ በ42 ዓመቷ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ብትመጣ፣ በካርዷ ላይ የሚጻፈው አድራሻ ዛሬ የምትኖርበት ኮንዶሚኒየም ነው። የካንሰር መዝገብ በተለምዶ የሚይዘው በምርመራው ጊዜ ያለውን አድራሻ ነውና። የኮንዶሚኒየሙ ቁጥር ስለ በሽታዋ የሚነግረን የለም፤ ያደገችበት ቀበሌ ግን ሊነግረን ይችል ነበር። ተከታትለን ብንጠይቅ ኖሮ ዛሬ የአንድ ትውልድ ማስረጃ በእጃችን በሆነ ነበር፤ ጊዜው ግን ገና አላለፈም፤ እነዚያ ሴቶች አሁን በሽታው በሚበረታበት ዕድሜ ላይ ይገኛሉና።

ዲዲቲ ያለፈ ታሪክ ነው እንዳይባል፣ በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች በእናት ጡት ወተትና በላም ወተት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ቅሪቱን በሁለቱም ውስጥ አግኝቷል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር አለብኝ፤ ይህን ያነበበች እናት ማጥባቷን እንዳታቆም። ማጥባት ለሕፃኑም ለእናቲቱ ጡትም የሚሰጠው ጥቅም የተረጋገጠ ነው፤ መወገድ ያለበት ወተቱ ሳይሆን ቅሪቱ ነው።

ስለ አካባቢያችንም ጥቂት ልበል። ትንሹና ትልቁ አቃቂ የከተማዋን ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ሲወርዱ፣ በዳርቻቸው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማባቸዋል፤ ያው አትክልት ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። ተመራማሪዎች በውኃው፣ በአፈሩና በአትክልቱ ውስጥ ካድሚየምን ጨምሮ ከባድ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተዋል። ካድሚየም በሰው ላይ ካንሰር አምጪነቱ በሌሎች የሰውነት ክፍሎች የተረጋገጠ ነው፤ በላቦራቶሪ ደግሞ ከኤስትሮጅን ተቀባይ ጋር ተጣብቆ ሆርሞኑን ሲመስል ታይቷል፤ በጡት ካንሰር ላይ ግን በሴቶች የተደረጉ ጥናቶች ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም። በሌላው የከተማዋ ጫፍ ቆሼ የተባለው የቆሻሻ መጣያ የሚገኝበት ረጲ አለ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችንን ሲቀብር ያዘንነው ሁላችንም ነን፤ ከቆሻሻ ክምር የሚወጣው ጭስ ግን ለቅሶ አያስቀምጥም። እንደ ፒቪሲ ያለ ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ በዝቅተኛ ሙቀት ሲቃጠል ዳይኦክሲን የተባለ መርዛማ ኬሚካል ይፈጥራል፤ ይህም በሣርና በአፈር ላይ ዐርፎ በላም ወተትና መሬት ጭራ በምትለቅም ዶሮ እንቁላል ውስጥ ይጠራቀማል። ፕላስቲክ የሚቃጠለው በክምሩ ላይ ብቻም አይደለም፤ ማለዳ በየኮንዶሚኒየሙ ጥግ የሚነደው ፌስታልና ላስቲክም ያው ነው። እንጀራ በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል በሚጋገርባቸው ጠባብ ማድ ቤቶች ደግሞ ከእናቷ ጎን የምትቆመው ጉርምስና ላይ ያለችዋ ልጅ ናት። ከላይ የጠቀስኩት የኢንዛይም ነገር በማን ጡት ላይ እንደሚብስ ማሰብ አያዳግትም። የማገዶ ጭስ ሳንባን እንደሚጎዳ የተረጋገጠውን ያህል ጡትን እንደሚጎዳ አልተረጋገጠም፤ ይህ ያልተረጋገጠው ግን ከሌላ ቦታ ይልቅ እንደ እኛ ባሉ ሰፈሮች ሊጠና ስለሚገባው ነው።

ዳርቻውን ከሌላው የሚለየው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው ልጅ በአገር ደረጃ 4.6 ሲሆን በአዲስ አበባ 1.8 ነበር። ዘግይቶ መውለድ፣ ጥቂት መውለድና አጭር ጊዜ ማጥባት ለሴቶች ትምህርትና ሥራ ያመጡት በረከት አያከራክርም፤ ቀድሞ ጡትን ይጠብቅ የነበረውን የሆርሞን ጋሻ ግን ያሳሳሉ። ከገጠር የመጣችው ወጣት በፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ፣ በአበባ እርሻ ፀረ ተባይ በሚረጭበት ግሪን ሐውስ ወይም በመንገድ ዳር ችርቻሮ ስትሠራ፣ ጥበቃው እየቀነሰ መጋለጡ እየጨመረ በአንድ ዕድሜ ላይ ይገናኙባታል። የሌሊት ፈረቃንም ቢሆን ያው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ዲዲቲን ባስቀመጠበት ምድብ ውስጥ እንዳስቀመጠው አሠሪዎች ሊያውቁት ይገባል።

ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌና ክኒን ብዙ ወሬ ስለሚናፈስ ዝም ብዬ ባልፍ ስህተት ይሆናል። በዴንማርክ በ1.8 ሚሊዮን ሴቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት ሆርሞናዊ መቆጣጠሪያ በሚጠቀሙት ላይ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድል በ20 በመቶ ገደማ ከፍ ማለቱን አግኝቷል፤ ይህም በቁጥር ሲሰላ በዓመት ከ100 ሺህ ሴቶች 13 ያህል ተጨማሪ ታማሚዎች ነው። ያልታቀደ እርግዝና በአገራችን የሚያስከትለው የእናቶች ሞት ከዚህ ጋር ሲመዘን ማንም ሴት መቆጣጠሪያዋን በፍርሃት እንድትተው የሚያበቃ አይደለም። ከጤና ሚኒስቴር የምንጠብቀው ይህንኑ ቁጥር በአማርኛም ሆነ በሌሎች ቋንቋዎቻችን በግልጽ መናገር ነው፤ የተደበቀ ቁጥር ለሐሜት ይመቻልና። በአንጻሩ በየሰፈሩ ያለ ወሬ የማይነሳበት አረቄ፣ ቢራና ወይን፣ የአልኮል መጠጥ ሁሉ፣ ኤስትሮጅንን ከፍ በማድረግና አሴታልዲሃይድ የተባለ ዲኤንኤን የሚጎዳ ነገር በመፍጠር የጡት ካንሰርን ዕድል እንደሚጨምር የተረጋገጠ መሆኑ ለሴቶች ሊነገር ይገባል።

ከዚህ በመነሳት የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። ጤና ሚኒስቴር በካንሰር ምዝገባና በታካሚ ካርድ ላይ ሦስት ጥያቄዎች እንዲጨመሩ ያድርግ፤ ከ10 እስከ 20 ዓመት ዕድሜሽ የት ኖርሽ፣ በዚያ ዘመን ቤታችሁ ለወባ ይረጭ ነበር ወይ፣ ረጅም ጊዜ የሠራሽው ሥራ ምንድን ነው የሚሉ። ጥያቄዎቹ ነርሷን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስዱባትም፤ ቢያንስ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ውጤት አብሮ ቢመዘገብ ደግሞ የትኛው መጋለጥ ከየትኛው የዕጢ ዓይነት ጋር እንደሚሄድ ማየት ይቻላል። የአዲስ አበባው መዝገብ የሚቆጥረው የከተማዋን ነዋሪዎች ስለሆነ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን፣ ማለትም ዛሬ ሸገር ከተማ የተባለው ዙሪያ፣ ከቆጠራው ውጭ ይሆናል፤ የአስተዳደር ወሰኑ እንዳለ ሆኖ ምዝገባው ከኦሮሚያ ጤና ቢሮ ጋር ተስማምቶ ይስፋ። ወንዙም ጭሱም ወሰኑን ሳያውቁት ያልፋሉ።

የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለትን የመቆጣጠር ሥልጣን ያለው፣ አገራችንም በፈረመችው፣ በአካባቢ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ መርዛማ ኬሚካሎችን በሚመለከተው የስቶክሆልም ስምምነት ዲዲቲንና ዳይኦክሲንን የመከታተል ኃላፊነት ያለባት በመሆኑ፣ በአቃቂ ወንዝ በሚለማ አትክልት፣ በረጲ ዙሪያ በሚለቀም እንቁላልና በዳርቻው በሚታለብ ወተት ላይ በየጊዜው ልኬታ አድርጎ ውጤቱን በወረዳ ደረጃ ለሕዝብ ይፋ ያድርግ። ውጤቱ መጥፎ ቢሆን ገበሬው ብቻውን ከእርሻው እንዳይነሣ፣ ለፍሳሹ ተጠያቂ የሆነው ፋብሪካ አስቀድሞ ይጠየቅ። ልኬታውና መዝገቡ በአንድ የመረጃ ቋት ካልተገናኙ ግን ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችሁ ትቀራላችሁ፤ ስለዚህ ከሁለቱም መሥሪያ ቤቶች የተውጣጣ፣ የጥቁር አንበሳ ካንሰር ሐኪሞችና የዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ያሉበት ቋሚ የጋራ ቡድን እንዲቋቋም እጠይቃለሁ።

በተማሪዎቼ ዘንድ፣ እናቶቻቸው ፈቃደኛ እስከሆኑ ድረስ፣ ሦስቱን ጥያቄዎች በቤታቸው ጠይቀው የመንደራቸውን ካርታ ለመሥራት ዝግጁ የሆኑ ልጆች አሉ። የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ ከየትኛው ክፍል እንደሚሰጥና ስማቸው ሳይገለጽ መረጃው ወደ መዝገቡ የሚገባበትን መንገድ ብትጠቁሙን፣ በመጪው የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ላይ ሥራው ሊጀመር ይችላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የባዮሎጂ መምህርት
አቃቂ ቃሊቲ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፡-
ለኦሮሚያ ጤና ቢሮ
ለአዲስ አበባ ከተማ ጤና ቢሮ
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጤና ጉዳዮችን ለሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ